የመርዝ ፔፕታይድን ወደ ካንሰር ዒላማ ማድረስ፦ ከቤተ ሙከራ እስከ መጀመሪያው ታካሚ

ከጊንጥ፣ ከንብ፣ ከተርብ ወይም ከእባብ መርዝ የተገኙ ፔፕታይዶች (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) በማራቢያ ሳህን ውስጥ ያሉ የካንሰር ሕዋሳትን እንደሚገድሉ የሚገልጹ ጥናቶች በየጊዜው ይወጣሉ። ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ ግን ዕጢን ለማጥፋት ፈቃድ ያገኘ፣ ከመርዝ የተቀዳ አንድም ፔፕታይድ የለም። ሁለቱ ነገሮች አይጋጩም፤ እንስሳው መርዙን ያዳበረው ሕይወት ያለውን ነገር ለመጉዳት ስለሆነ ፔፕታይዱ ሕዋስ መግደሉ ሊያስደንቀን አይገባም። ሥራው ሁሉ ያለው ፔፕታይዱ የትኛውን ሕዋስ ሳይነካ ያልፋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ መመሪያ በዘርፉ ምርምር ለሚጀምር ሰው የተጻፈ ሲሆን፣ ያንን ጥያቄ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል።

መንገዱ የተዘጋ እንዳልሆነ ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የደም ግፊት መድኃኒት ካፕቶፕሪል መነሻው ጃራራካ በተባለው የብራዚል እፉኝት መርዝ ውስጥ የተገኙ ፔፕታይዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈቀዱት ኤፕቲፊባታይድና ቲሮፊባን ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርጉ ሲሆን፣ ሁለቱም የተነደፉት ከእባብ መርዝ ፕሮቲኖች በተገኘ ትምህርት ነው። ዚኮኖታይድ (2004) ከባሕር ቀንድ አውጣ፣ ኤክሰናታይድ (2005) ደግሞ ጊላ ሞንስተር ከሚባለው መርዛማ እንሽላሊት የተገኙ ናቸው። ዚኮኖታይድ ለካንሰር ሕሙማንም ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚሰጠው በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሌላ መድኃኒት ያልበረደ ጽኑ ሕመምን ለማስታገሥ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ፤ እያንዳንዳቸው በሚገባ በታወቀ አንድ ዒላማ ላይ ይሠራሉ። ካንሰር ላይ የጎደለን ይህ ነው።

ይህን የሚያነቡት ለራስዎ ወይም ለሚወዱት ሰው ሕክምና በመፈለግ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርዎት፤ ራስን በንብ ማስነደፍም ሆነ ጥሬ መርዝ መውሰድ ከዚህ በታች ከሚገለጸው ሥራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጥሬ መርዝ የኢንዛይሞች፣ የአለርጂ ቀስቃሾችና የፔፕታይዶች ድብልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ እንደሚያሳየው፣ ከዚያ በፊት ንደፋውን ደጋግማ የወሰደችና ምንም ያልሆነች ሴት በንብ ንደፋ ሕክምና ምክንያት በተነሣ የአለርጂ ድንጋጤ ሕይወቷ አልፏል። ከኩባ ሰማያዊ ጊንጥ ተዘጋጅቶ በ30 ሲኤች የሆሚዮፓቲ መጠን የሚሸጠው ጠብታ ደግሞ ከ1 ቀጥሎ 60 ዜሮ በሚጻፍበት ቁጥር የተበረዘ በመሆኑ፣ በውስጡ አንድ የፔፕታይድ ሞለኪውል እንኳ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። ለታካሚ የሚጠቅመው ጥያቄ ለሐኪም የሚቀርብ ነው፤ ለዚህ የካንሰር ዓይነት የተመዘገበና ታካሚ የሚቀበል ክሊኒካዊ ሙከራ አለ ወይ?

በቅድሚያ የሚወሰነው፦ ገዳይ፣ ከልካይ ወይስ መሪ

ከመርዝ የተገኘ ፔፕታይድ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ከሦስት ሚናዎች አንዱን ይይዛል። ራሱ ሕዋሱን ሊገድል ይችላል፤ ካንሰሩ የሚተማመንበትን አንድ ፕሮቲን ሊያግድ ይችላል፤ ወይም ራሱ ምንም ሳያጠፋ ሌላ ገዳይ ነገርን ወደ ዕጢው ሊመራ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠን፣ ማነጻጸሪያው፣ የሚፈራው ጉዳትና ውጤቱ የሚለካበት መንገድ በዚህ ምርጫ ስለሚለያዩ፣ ሚናውን ሳይወስኑ ሙከራ አይጀምሩ።

የገዳዮቹ ዋነኛ ምሳሌ ሜሊቲን ነው። ከንብ መርዝ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ይህ ባለ 26 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የበዛበትና አንድ ጎኑ ስብ የሚወድ በመሆኑ በሕዋስ ሽፋን ላይ ተጋድሞ ቀዳዳ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአውስትራሊያ ፐርዝ የሚገኘው የሃሪ ፐርኪንስ የሕክምና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ሜሊቲን ሄር2 የተባለ የዕድገት ተቀባይ የበዛባቸውንና ሦስቱ የታወቁ ተቀባዮች የሌሏቸውን የጡት ካንሰር ሕዋሳት ከጤናማዎቹ በበለጠ እንደሚጎዳ፣ ሽፋናቸውንም በ60 ደቂቃ ውስጥ እንደሚያፈርስ አሳይተዋል። ውጤቱ ዓለምን ያዳረሰ ዜና ሆኗል። ይሁንና ሜሊቲን ቀይ የደም ሕዋሳትን በአነስተኛ መጠን እንደሚያፈነዳ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ስለነበር፣ እርቃኑን በደም ሥር ሊሰጥ የሚችል መድኃኒት አይደለም። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሜሊቲንን በፔርፍሎሮካርቦን ናኖ ቅንጣቶች ላይ ጭነው በአይጦች ዕጢ ላይ የሞከሩት ይህንኑ ችግር ለማለፍ ነው።

ፖሊቢያ ፓውሊስታ ከተባለው የብራዚል ተርብ የሚገኘው ኤምፒ1 ደግሞ 14 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በተሻለ ሁኔታ እንደሚመርጥ ይነገርለታል። በጤናማ ሕዋስ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚቆየውና በካንሰር ሕዋስ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለ ስብ ይስበዋል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን የነቁ ፕሌትሌቶችና በተፈጥሯዊ ሂደት እየሞቱ ያሉ ሕዋሳትም ይህንኑ ስብ ወደ ውጭ ስለሚያወጡ፣ ምልክቱን የካንሰር ብቻ አድርጎ መያዝ አደጋ አለው።

ለከልካዮቹ ሶር-ሲ13ን መውሰድ ይቻላል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ አይጥ የሚመስል ሹል አፍንጫ ያለው ትንሽ እንስሳ በመርዛማ ምራቁ ውስጥ ሶሪሲዲን የተባለ ፔፕታይድ አለው፤ ሶር-ሲ13 የዚህ ፔፕታይድ ባለ 13 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ነው። የሚያግደውም በጡት፣ በፕሮስቴት፣ በኦቫሪና በሌሎች ካንሰሮች ላይ የሚበዛውን ቲአርፒቪ6 የተባለ የካልሲየም መግቢያ ነው።

መሪዎቹን በተመለከተ ዘርፉን የቀረጸው ክሎሮቶክሲን ነው። ሌዩሩስ ኩዊንኬስትሪያተስ ከተባለው ቢጫ ጊንጥ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የተገለጸው ይህ ፔፕታይድ 36 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ በአራት የዳይሰልፋይድ (ሁለት የሰልፈር አቶሞች የሚፈጥሩት) ድልድዮች ታስሮ የተጨመቀ ቅርጽ ይይዛል። በአንጎል ውስጥ በሚነሣው ግሊዮማ ሕዋሳት ላይ ሲጣበቅ፣ በዙሪያቸው ያለውን ጤናማ የአንጎል ቲሹ በአብዛኛው ይተወዋል። የእባብ መርዝ ዲስኢንተግሪኖችም በዚህ ረድፍ ይሰለፋሉ፤ አርጂዲ በሚባለው ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አማካይነት ዕጢን በሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮች ላይ የሚበዙትን ኢንተግሪን የተባሉ የሕዋስ ማጣበቂያ ፕሮቲኖች ይይዛሉ። ኤፕቲፊባታይድና ቲሮፊባን የሚሠሩት በፕሌትሌት ላይ ባለ ሌላ ኢንተግሪን ላይ መሆኑን ካስታወስን፣ በዲስኢንተግሪን ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው የመድማት አደጋ ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

በእኔ አመለካከት አነስተኛ አቅም ያለው ጀማሪ ቡድን ከመሪው ቢጀምር ይሻለዋል። መሪ ፔፕታይድ ማንንም ሳይገድል፣ በአነስተኛ መጠን፣ ቀለም ብቻ ተሸክሞ ወደ ዕጢው መድረስ አለመድረሱ ሊታይ ይችላል፤ ካልደረሰም የት እንደቀረ በምስሉ ላይ ይታያል። ገዳይ ግን ሲከሽፍ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንስሳው ሞተ፣ ወይም ዕጢው አልቀነሰም።

ፔፕታይዱን ማግኘትና ማረጋገጥ

መርዝ እየታለበ መድኃኒት አይሠራም። ከአንድ ጊንጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ደረቅ መርዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊግራም አይሞላም፤ በውስጡም በርካታ ንጥረ ነገሮች ተቀላቅለዋል። ጥሬ መርዙ የሚያስፈልገው በፍለጋው ምዕራፍ ብቻ ሲሆን፣ በክሮማቶግራፊ ተከፋፍሎ የሞለኪውል ክብደትን በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይለካል፤ ከመርዝ ዕጢው አርኤንኤ የሚነበበው ቅደም ተከተል ደግሞ የፔፕታይዱን ማንነት ያሟላል። በዚህ ደረጃ ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘለሉም። የደረቀ መርዝ እንደ ዱቄት በኖ ስለሚተነፈስ በአየር መሳቢያ ካቢኔ ውስጥ ብቻ ይመዘን፤ ለዚያ ዝርያ የሚሆን የመርዝ ማርከሻም በቅርብ መኖሩ ይረጋገጥ። በሌላ በኩል እንስሳው የተገኘበት አገር በዘረመል ሀብቱ ላይ መብት ስላለው፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል የሚጠይቀው ፈቃድና የጥቅም መጋራት ስምምነት ናሙናው ከመሰብሰቡ በፊት ይፈረም።

ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ ፔፕታይዱ በኬሚካዊ ዘዴ ይሠራል። ሮበርት ብሩስ ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረቡትና በ1984 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው በጠጣር መደገፊያ ላይ ፔፕታይድን ደረጃ በደረጃ የመገንባት ዘዴ ለዚህ ርዝመት በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከግንባታው በኋላ፣ በመታጠፉ ላይ ነው። እንደ ክሎሮቶክሲን ድልድይ የሚሠሩ ስምንት ሳይስቲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ አራቱን ድልድዮች በ105 የተለያዩ መንገዶች ሊያጣምር ይችላል፤ ትክክለኛው ግን አንዱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ድልድይ ሲፈጠር ሁለት ሃይድሮጅኖች ስለሚወጡ፣ አራቱም ከተዘጉ ክብደቱ በ8 ዳልተን ገደማ መቀነሱን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ያያሉ፤ ይህ ቁጥር ግን ድልድዮቹ መዘጋታቸውን እንጂ በትክክል መጣመራቸውን አይነግርዎትም። ስለዚህ ከተፈጥሯዊው ፔፕታይድ ጋር በአንድ ክሮማቶግራፊ ላይ አብረው መውጣታቸውን ይመልከቱ፤ አቅም ካለ ቅርጹን ኤንኤምአር በተባለው የሞለኪውል ቅርጽ መመርመሪያ ያረጋግጡ። ይህን የዘለለ ቡድን በኋላ የሚያገኘው ደካማ ውጤት ከፔፕታይዱ ይሁን ከተበላሸ ቅርጹ ሊያውቅ አይችልም።

ፔፕታይዱን በባክቴሪያ ውስጥ ካመረቱ የኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ሽፋን መርዝ) መጠኑን ሳይለኩ ወደ ሕዋስም ሆነ ወደ እንስሳ አይውሰዱት። ከባክቴሪያው ኢ. ኮላይ የቀረ ጥቂት ሊፖፖሊሳካራይድ፣ ማለትም ይህ ኢንዶቶክሲን፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን ስለሚያነቃቃ፣ የባክቴሪያው ቆሻሻ ያደረገውን የፔፕታይዱ ሥራ አስመስሎ ያቀርባል።

የትኛው ሕዋስ ይተርፋል

አብዛኛው ቡድን የካንሰር ሕዋሳትን ፈትኖ፣ ጥሩ ቁጥር ካገኘ በኋላ ጤናማ ሕዋሳትን ለማሟያ ያህል ይጨምራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ በሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ይሁን፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት መጀመሪያ የሚያገኛቸውም እነሱ ናቸው። ግማሹን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈነዳው መጠን ግማሹን የካንሰር ሕዋስ ከሚገድለው መጠን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ ካነሰ፣ ፔፕታይዱን እርቃኑን ወደፊት ለመግፋት ምክንያት አይታየኝም፤ ወይ ይሻሻል፣ ወይ በጭነት መልክ ይያዝ።

ቀጥሎ የሚመጡት ጤናማ ሕዋሳት የሚመረጡት ፔፕታይዱ በሰው አካል ውስጥ በሚያገኛቸው ላይ ተመሥርቶ ነው። የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳት፣ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳትና ዕጢው የተነሣበት ቲሹ ጤናማ ሕዋሳት ቢያንስ ይኑሩበት፤ ለግሊዮማ ከሆነ አስትሮሳይቶችና ኒውሮኖች ይጨመሩ። ከቆዳ የተገኘ አንድ ፋይብሮብላስት ብቻ አስገብቶ ጤናማ ሕዋሳትን አይጎዳም ብሎ መጻፍ ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። በፍጥነት የሚባዛ የካንሰር መስመርን ከማይባዛ ጤናማ ሕዋስ ጋር በ72 ሰዓት ሙከራ ማነጻጸርም ያሳስታል፤ የታየው ልዩነት የዒላማ መሆኑ ቀርቶ የመባዛት ፍጥነት ሊሆን ይችላልና።

በአወንታዊ ሙል የተሞሉ ፔፕታይዶች የሚፈጥሯቸው ወጥመዶች ብዙ ናቸው። በዝቅተኛ መጠን ሲቀልጡ በፕላስቲክና በመስታወት ላይ ስለሚጣበቁ፣ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው መጠንና ሕዋሱ ያገኘው መጠን ይለያያሉ፤ ስለዚህ የማያጣብቁ ቱቦዎችን ይጠቀሙ፣ መጠኑንም በፈሳሹ ውስጥ ዳግም ይለኩ። የሴረም ፕሮቲኖችም ስለሚይዟቸው ያለ ሴረም የተገኘ አስደናቂ ቁጥር የሰው ሴረም ሲጨመር በብዙ እጥፍ ሊዳከም ይችላል፤ ሁለቱንም ያሳዩ። ሽፋን በሚበሱ ፔፕታይዶች ላይ ደግሞ ወሳኙ ለአንድ ሕዋስ የሚደርሰው የሞለኪውል ብዛት በመሆኑ፣ ካንሰሩንና ጤናማውን በአንድ ዓይነት የሕዋስ ብዛት ይፈትኑ።

የአሠራሩን ዓይነት በፍጥነት የሚለይ አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ፔፕታይዱን ከዲ-አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ከተፈጥሯዊዎቹ አሚኖ አሲዶች የመስታወት ምስል፣ መልሶ መሥራት። ሽፋንን በቀጥታ የሚበሳ ፔፕታይድ በምስሉም ያው ይሠራል፤ ተቀባይን የሚይዝ ፔፕታይድ ግን ብዙውን ጊዜ ኃይሉን ያጣል። የዲ ቅርጹ እኩል እየገደለ ሳለ ተቀባይን የሚመለከት ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ከዚህ ጋር አሚኖ አሲዶቹ ያው ሆነው ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀ ማነጻጸሪያ ይኑር፤ የሽፋን መፍረስን በደቂቃዎች ውስጥ ከሕዋሱ በሚፈስሰው ኤልዲኤች በተባለ ኢንዛይም፣ የቆየውን ሞት ደግሞ በሌላ መለኪያ ይከታተሉ።

ዒላማው በእርግጥ እሱ ነው ወይ

ክሎሮቶክሲን በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ታሪክ አለው። ስሙ እንደሚያመለክተው መጀመሪያ የክሎራይድ ቻናል አጋጅ ተደርጎ ታየ፤ በኋላ ኤምኤምፒ-2 የተባለው ቲሹ ቆራጭ ኢንዛይም፣ ከዚያም አኔክሲን ኤ2 እና ኒውሮፒሊን-1 በዒላማነት ቀርበዋል። ክርክሩ እያለ ፔፕታይዱ እስከ ሰው ድረስ መድረሱ ለመሪነት ሥራ የተሟላ የዒላማ ዕውቀት ከመጀመሪያው ግዴታ እንዳልሆነ ያሳያል። ዋጋው ግን አለ፤ የትኛው ታካሚ ይጠቀማል የሚለውን በናሙና መርምሮ መምረጥ ይከብዳል።

ስለዚህ ዒላማ ብለው ያመኑትን ፕሮቲን ጂኑን ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ከሕዋሱ ያጥፉና መጣበቁ ይቆም እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያ ጂኑን መልሰው ያስገቡና መጣበቁ ይመለስ እንደሆነ ያረጋግጡ። ጂኑ ከጠፋ በኋላም ፔፕታይዱ እንደ ቀድሞው ከተጣበቀ ዒላማው ሌላ ነው፤ ይህንን ማወቅ ከዓመታት በኋላ ይልቅ አሁን ይሻላል። በታካሚዎች ናሙና ላይ የሚደረግ ሙከራም እዚህ ላይ ይግባ፤ ለብዙ ዓመታት በሳህን የተራባ የሕዋስ መስመር በዕጢው ውስጥ ያለውን ሕዋስ በታማኝነት አይወክልም።

ጭነቱን ማያያዝ

መሪ ፔፕታይድ ቀለም፣ ራዲዮአክቲቭ አቶም፣ ገዳይ መድኃኒት ወይም ሙሉ ሕዋስ ሊመራ ይችላል። ክሎሮቶክሲን ከነዚህ ሦስቱን ሞክሯል። አዮዲን-131 የተጫነበት ሰው ሠራሽ ክሎሮቶክሲን ቲኤም-601 እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የደረጃ አንድ ሙከራ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ካንሰሩ ለተመለሰባቸው 18 የግሊዮማ ታካሚዎች ዕጢው በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ተሰጥቷል። ለቀዶ ሐኪም ዕጢውን በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያሳየው፣ ቀለም የታሰረበት ክሎሮቶክሲን የሆነው ቶዙለሪስታይድ ደግሞ በሲያትል የፍሬድ ሃችንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል በጂም ኦልሰን ከተመራው ሥራ የመነጨ ነው። በካሊፎርኒያ የሲቲ ኦፍ ሆፕ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ክሎሮቶክሲንን በካር-ቲ ሕዋሳት (ካንሰርን እንዲያጠቁ በጂን የተለወጡ የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት) ላይ እንደ መፈለጊያ ገጽ ተክለው በግሊዮብላስቶማ ላይ መሥራቱን አሳይተዋል፤ ሕዋሳቱ እንዲነቁ በዕጢው ላይ ኤምኤምፒ-2 መኖሩ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ጭነቱ የሚያያዝበት ነጥብ በዕድል መተው የለበትም። ክሎሮቶክሲን ቀለም የሚያያዝባቸው ላይሲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ስላሉት ቀለሙ በአንዱም በሁለቱም ሊያዝ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የሚገኘው የአንድ መድኃኒት ፈንታ ድብልቅ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ላይሲኖች በሌላ አሚኖ አሲድ ተክቶ ቀለሙን በቀሪው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማሰር ሆኗል። የእርስዎም ፔፕታይድ ዒላማውን በሚይዝበት ገጽ ላይ ጭነት እንዳይጫንበት፣ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ በየተራ በአላኒን እየተኩ የትኛው ገጽ ለመያዝ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ይወቁ። ጭነቱ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ መጣበቁን እንደ አዲስ ይለኩ፤ ትልቅ ቀለም ትንሽ ፔፕታይድን በራሱ ባሕርይ ሊጎትተው ስለሚችል፣ ያለ ፔፕታይድ ብቻውን የተሰጠ ቀለም በማነጻጸሪያነት ይኑር።

ለመድኃኒት ጭነት አገናኙ በደም ውስጥ ሳይሰበር ቆይቶ በዕጢው ውስጥ ሊፈታ ይገባል። ለራዲዮአክቲቭ ጭነት የአቶሙ ግማሽ ዕድሜ ፔፕታይዱ በዕጢው ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ስምንት ቀን ግማሽ ዕድሜ ያለው አዮዲን-131 በጉድጓድ ውስጥ ለሚቆይ ፔፕታይድ ተስማሚ ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ታጥቦ ለሚወጣ ግን አብዛኛውን ጨረር በሌላ ቦታ ያባክናል። ፔፕታይድ ጨረር ሊመራ እንደሚችል ከመርዝ ውጭ ባለ ሥራ ተረጋግጧል፤ ሉቴሺየም-177 የሚሸከመው ዶታቴት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች ተፈቅዷል። እንደ ሜሊቲን ያለ ገዳይን ከመሪ ጋር ማጣመርም ይቻላል፤ የፐርዙ ቡድን የአርጂዲ ቅደም ተከተልን ከሜሊቲን ጋር ያያያዘው ለዚህ ነው። ሌላው መንገድ የገዳዩን አወንታዊ ሙል በአሉታዊ ቅጥያ ሸፍኖ፣ ቅጥያው በዕጢው ውስጥ በሚበዛ ኢንዛይም ብቻ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው።

በሕያው አካል ውስጥ

ትናንሽ ፔፕታይዶች በደም ውስጥ በኢንዛይም ይቆራረጣሉ፣ በኩላሊትም በፍጥነት ይጣራሉ። በድልድይ የታሰሩት የመጀመሪያውን ችግር በአብዛኛው ይቋቋማሉ፤ የክሎሮቶክሲንን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ክብ ማድረግም በሴረም ውስጥ ዕድሜውን ይጨምራል። ሁለተኛው ችግር ሁለት ገጽ አለው። በፍጥነት መታጠቡ ለምስል ጥሩ ነው፣ ለሕክምና ግን ዕጢው የሚያገኘውን ይቀንሳል፤ ከአልቡሚን ጋር የሚጣበቅ ጭራ ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ማያያዝ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ጭነቱ ጨረር ከሆነ ኩላሊቱ ራሱ የሚጎዳ አካል ይሆናል፤ ለሉቴሺየም ዶታቴት ታካሚዎች የላይሲንና የአርጂኒን ፈሳሽ አብሮ የሚሰጠው ኩላሊቱ ፔፕታይዱን መልሶ እንዳይመጥ ለማድረግ ነው።

በአይጥ ላይ የሚደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ዕጢ ማሳነስን ይቆየውና ስርጭትን ይለካ። ከተሰጠው መጠን ስንት በመቶው በእያንዳንዱ ግራም ቲሹ ውስጥ እንዳለ በተለያዩ ሰዓታት ይመዝገብ፤ ዕጢው ከደም፣ ከጉበትና ከኩላሊት ጋር ይነጻጸር። የዕጢ የደም ሥሮች ልቅ ስለሆኑ ማንኛውም ሞለኪውል በተወሰነ መጠን ይጠራቀምባቸዋል፤ ስለዚህ መጠኑ እኩል የሆነና የማይጣበቅ ፔፕታይድ ለሌላ የአይጥ ቡድን ይሰጥ። ለሦስተኛው ቡድን ደግሞ ምልክት የሌለው ፔፕታይድ በብዛት አስቀድሞ ይሰጥ፤ ዕጢው ላይ የሚታየው ምልክት ከቀነሰ ፔፕታይዱ የተያዘው ቁጥሩ ውስን በሆነ ዒላማ ነው ማለት ይቻላል። እነዚህ ሁለት ቡድኖች የሌሉበትን የዕጢ ምስል ምንም ያህል ቢያምር አልቀበለውም።

የአንጎል ካንሰር የራሱ ጥያቄ አለው። በዕጢው መካከል የደምና የአንጎል ግርዶሽ ስለተሰበረ ፔፕታይድ ይገባል፤ ካንሰሩ ወደ ጤናማው አንጎል በሚዘልቅበት ጠርዝ ግን ግርዶሹ ሊዘጋው ይችላል፣ በሽታው የሚመለሰውም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ነው። ምስሉን ሲያነቡ ዓይንዎ ጠርዙ ላይ ይሁን። እንዲሁም የሰው ዕጢ የሚተከልባቸው አይጦች በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ በመሆኑ፣ ፔፕታይዱ ፀረ እንግዳ አካል ይቀሰቅስ እንደሆነ አይናገሩም፤ ተደጋጋሚ መጠን ሙሉ መከላከያ ላላቸው እንስሳት ተሰጥቶ ይታይ። ሜሊቲን ራሱ ኤፒ ኤም 4 ተብሎ በአለርጂ ቀስቃሾች መዝገብ ውስጥ እንዳለ ይታወስ።

ወደ መጀመሪያው ታካሚ

ሥር ለሰደዱ ካንሰሮች በሚዘጋጁ መድኃኒቶች ላይ የሚሠራበት አይሲኤች ኤስ9 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ለብዙዎቹ አነስተኛ ሞለኪውሎች የመጀመሪያውን የሰው መጠን በአይጦች አሥር በመቶው ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለው መጠን አንድ አሥረኛ አድርጎ መጀመርን የተለመደ አሠራር ያደርጋል። ለመርዝ ፔፕታይድ ግን ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ዒላማው በጤናማ ሰው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ነው። ሶር-ሲ13 በ23 ታካሚዎች ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የደረጃ አንድ ሙከራ በደም ሥር ሲሰጥ የካልሲየም መውረድ ታይቷል፤ የታገደው ፕሮቲን ካልሲየምን ከአንጀት የሚያስገባ በመሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነበር፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በመስጠትም መቆጣጠር ተችሏል። የእርስዎ ፔፕታይድ የሶዲየም ወይም የፖታሲየም ቻናልን የሚነካ ቤተሰብ አባል ከሆነ የልብ ምት ክትትል፣ ኢንተግሪን የሚይዝ ከሆነ የደም መርጋት ምርመራ ከመጀመሪያው መጠን ጀምሮ በፕሮቶኮሉ ይግባ።

የሚሰጥበት መንገድም የመምረጥ አቅሙ አካል ነው። ቲኤም-601 በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ መሰጠቱ ፔፕታይዱ ከደም፣ ከጉበትና ከኩላሊት ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት አሳንሶታል፤ ዕጢው ለመርፌ ወይም ለቀዶ ሐኪም የሚደረስ ከሆነ ይህንን ዕድል በደም ሥር ለመስጠት ሲባል ብቻ አይተዉት።

የደረጃ አንድ ሙከራ የሚጠይቀው ደኅንነትን ቢሆንም፣ ፔፕታይዱ ዕጢው መድረሱን ሳይለኩ ማጠናቀቅ ትልቅ ብክነት ነው፤ ጥቅም ያልታየው ፔፕታይዱ ባለመድረሱ ይሁን ደርሶም ባለመሥራቱ ስለማይታወቅ፣ ቀጣዩ ቡድን ምን ማስተካከል እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው ታካሚዎች ፈቃደኛ ከሆኑ ፔፕታይዱ ከቀዶው በፊት ይሰጥ፤ ከሚወጣው ዕጢና የቀዶ ሕክምናው ግድ ሆኖ አብሮት ከሚወጣ በዙሪያው ካለ ቲሹ ናሙና ተወስዶ በውስጣቸው ያለው መጠን ጎን ለጎን ይለካ። ለዚህ የሚያስፈልገው የፈቃድ ቅጽ፣ የናሙና ማስቀመጫና የመለኪያ ዘዴ የመጀመሪያው ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ተዘጋጅቶ መሞከር አለበት፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የሚታሰብ ናሙና በአብዛኛው ሳይሰበሰብ ይቀራልና።